የወሎ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከየት ይጀመራል?

በአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች እየበዙ በሄዱበት በዚህ ዘመን፣ ከእነርሱ ጋራ አብሮ የበዛ አንድ የጽሕፈት ዐይነት አለ። እርሱም የምረቃ መጽሔት የሚባለው ነው። ተማሪዎች ጥቁር ካባቸውን ለብሰው በሚመረቁበት ሰሞን ይታተማል፤ በመጀመሪያ የኀላፊዎች መልእክት፣ ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው አጭር ታሪክ፣ ከዚያም የተመራቂዎቹ ፎቶግራፍ ይከተላል። ፎቶግራፉን ወላጅ ሁሉ በፍቅር ያየዋል፤ መልእክቱንም አንዳንድ ሰው ያነበዋል። አጭሩን ታሪክ ግን ከአራሚው በቀር ጨርሶ የሚያነብ ሰው ስለ መኖሩ እንጠራጠራለን። እኛ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የገባን ሰዎች ግን፣ ያልገባንበት ቤት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ስለምንጓጓ፣ ይህን ገጽ አንዘለውም። ባነበብነውም ጊዜ ሁሉ ቅር የሚለን ነገር ስላለ ዛሬ ሐሳባችንን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ተነሥተናል።

በዚያ ገጽ ላይ ታሪክ ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፤ የመሠረቱ ድንጋይ በዚህ ዓመት ተጣለ፣ ሥራው በዚህን ያህል ተማሪ ተጀመረ፣ ዛሬ የተማሪው ቍጥር ይህን ያህል፣ የትምህርት ክፍሉም ይህን ያህል ደረሰ። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የንብረት ክፍል መግለጫ እንጂ ታሪክ አይደለም። ከላይ ያለውን ስም ብንፍቀው፣ ጽሑፉ የደብረ ማርቆሱ ይሁን የሚዛን ቴፒው ወይም የደሴው ለይቶ የሚነግረን አንድም ቃል አናገኝበትም። ስሙ ሲፋቅ ማንነቱ የሚጠፋ ታሪክ ምን ዐይነት ታሪክ ነው?

ለትችታችን የወሎን ዩኒቨርሲቲ የመረጥነው ከሌሎቹ ይልቅ ጥፋት ስላገኘንበት አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ የሚነገር ነገር ሞልቶ የተረፋቸው አገሮች ስለ ሆኑ፣ ነገሩ ሳይነገር ሲቀር ጉድለቱ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጐልቶ ስለሚታይ ነው።

በአጭሩ የሚታወቀውን እንጥቀስ። በኢትዮጵያ ሁለት ሺህኛ ዓመት ዋዜማ መንግሥት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን በአንድ ዘመን ለማቋቋም በተነሣ ጊዜ ከእነዚያ አንዱ ለወሎ ደረሰው። ሕክምናው፣ እርሻው፣ የእንስሳት ሕክምናው፣ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናቱና የንግዱ ትምህርት ደሴ ላይ ሲሆን፣ ምሕንድስናው የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚል ስም ሐረጎን ወርዶ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሰፈረ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ደሴ በጋቢና በካፖርት የሚኖርባት ደጋ፣ ኮምቦልቻ ሸሚዝ የሚበቃባት ወይና ደጋ ናትና፣ ዩኒቨርሲቲው ከመነሻው በሁለት አየር ውስጥ የሚኖር ነው። ቈይቶም በ2004 ዓ.ም. ወልድያ የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ ከዚያም በደቡብ ወሎ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተከተለ። ስለዚህ የደሴው ዩኒቨርሲቲ የተሸከመው ስም የጥንቱ ጠቅላይ ግዛት ስም ሲሆን፣ ግዛቱን ግን ከሁለት ታናናሾቹ ጋራ ተካፍሎታል።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ታሪኩ ከየት ይጀመር የሚለው ነው። ከመሠረት ድንጋዩ ይጀመር ለሚሉት መልሳችንን ከላይ ሰጥተናል። ነገር ግን በዚህ ላይ የሚቃረን፣ በእኛ አስተያየት ከመጀመሪያው የማይሻል ሌላ ፈተና አለ። እርሱም ያለ ማስረጃ ወደ ኋላ መሮጥ ነው።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። አባ ኢየሱስ ሞአ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ13ኛው መቶ ዓመት በዚያ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰለ ደቀ መዝሙር ያፈራ፣ መጻሕፍትን የሰበሰበና ያስጻፈ ነበር። በስማቸው የሚጠራው ወንጌል በ1280 ወይም በ1281 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ሲሆን፣ በኅዳጉ የገዳሙን ጕዳይ የሚመለከቱ ማስታወሻዎች ተመዝግበውበት እስከ ዛሬ አለ። በእስልምናውም ወገን የወሎ ምድር በዝና ከማንም አያንስም። ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ በጃማ ንጉሥ፣ ሰይድ ቡሽራ ከኮምቦልቻ ብዙም በማይርቀው በቃሉ ምድር በጌታ፣ ሌሎችም ሊቃውንት በየጁ በዳና እና በሾንኬ አምባ ላይ ያቆሟቸው የትምህርት ማዕከሎች ከሩቅ አገር ደረሳ የሚጐርፍባቸው ነበሩ። ሼኽ ጠልሓን የመሰሉት ሊቃውንት ዐማርኛን በዐረብ ፊደል እየጻፉ መንዙማ የደረሱት በዚሁ አገር ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የሚያኰራም ነው። ሆኖም አንድ ጸሐፊ ይህን ጠቅሶ፣ ስለዚህ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሰባት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው ቢለን፣ የጐረቤቱን አያት አያቴ ነው እንደሚል ሰው እናየዋለን። የሐይቅ መምህር ለደቀ መዝሙሩ ያስተላለፈው ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ በምን መንገድ ገባ? ገብቶስ እንደ ሆነ የትኛው መምህር፣ በየትኛው ኮርስ ያስተምረዋል? ዝምድናው በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሥዕል አይረጋገጥም። የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተማሪ በጌታ ወይም በዳና የተቀመጠውን የእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ አንብቦ፣ ያነበበውን በመመረቂያ ጽሑፉ አስፍሮ ሲገኝ ግን ዝምድናው በዚያ ቀን ተወለደ ማለት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊውም ቀኑን መመዝገብ ይገባዋል።

በዚህ ነገር ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ መጽሐፍ አለ። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ዓመት በወሎ ስለ ነበረው እስልምና በእንግሊዝኛ ጽፈው በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። እነዚያን የትምህርት ማዕከሎች ከአፈ ታሪክ አውጥቶ በማስረጃ ያቆማቸው ይህ ሥራ ነው ብንል አልተጋነነም። ደራሲው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ መጽሐፉ በታተመ ጊዜም በደሴ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ወሎ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ከማግኘቱ በፊት የሌላ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ርእስ ሆኖ መኖሩን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደዚህ ነገር እንመለስበታለን።

እንግዲህ በመሠረት ድንጋዩና በሐይቅ መካከል እውነተኛው መነሻ የቱ ነው ቢሉን፣ እኛ የወይዘሮ ስሂንን ትምህርት ቤት እንጠቍማለን። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው ለንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ለእቴጌ መነን እናት ለወይዘሮ ስሂን ነው። ለብዙ ዘመን የጠቅላይ ግዛቱ ልጅ ከላስታም ይምጣ ከቦረና፣ ከወረ ኢሉም ይሁን ከየጁ፣ ትምህርቱን መግፋት ከፈለገ መጨረሻው ደሴ፣ የደሴም መጨረሻ ወይዘሮ ስሂን ነበር። ስንቁን በአህያ ጭኖ ሲወርድ የከረመ፣ በኪራይ ቤት ከአራትና ከአምስት ጓደኛ ጋራ የኖረ፣ ሽሮውን በራሱ እጅ ያማሰለ ተማሪ ሁሉ የዚህ ታሪክ ባለቤት ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ያላለፈውም እንደ እኛ የጽሕፈት ጠረጴዛ ይዞ ይቀራል። ከአላፊዎቹ አንዱ ዋለልኝ መኰንን ነበር፤ በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣው አጭር ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚደግፉትና የሚነቅፉት ሲከራከሩበት ይኖራሉ። በጽሑፉ መስማማት ወይም አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። ለእኛ ርእስ ቁም ነገሩ፣ ደሴ ዩኒቨርሲቲ ሳይኖራት የዩኒቨርሲቲውን ክርክር የሚያናውጥ ተማሪ አሳድጋ ወደ አዲስ አበባ ትልክ እንደ ነበር ማወቁ ነው። ከወይዘሮ ስሂን የሚጀምር የዩኒቨርሲቲ ታሪክ፣ ዩኒቨርሲቲው ለምን እንዳስፈለገ ይነግረናል፤ ከመሠረት ድንጋዩ የሚጀምረው ግን መቼ እንደ ተሠራ ብቻ ይነግረናል።

ዛሬ በወይዘሮ ስሂን ስም የሚጠራ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ደሴ ላይ አለ። ከእርሱም ጋራ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሲኖሩ፣ ኮምቦልቻም ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አላት። እንግዳ ሰው እነዚህን ሁሉ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች ይመስሉታል። አይደሉም፤ የሚተዳደሩት በክልሉ ነው። የዩኒቨርሲቲው የራሱ ኮሌጆች ሌሎች ናቸው። ይህ ልዩነት የጽሕፈት ቤት ጕዳይ ብቻ እንዳይመስለን፣ የቀድሞውን ዩኒቨርሲቲ አመሠራረት ከዚህ ጋራ እናነጻጽር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሚከተሉት ዓመታት የምሕንድስናው ኮሌጅ፣ የሕንፃው ኮሌጅ፣ የጐንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድና በየራሱ የውጭ ረዳት ተቋቋመ። በ1953 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቻርተር በወጣ ጊዜ እነዚያ የተበታተኑ ኮሌጆች በአንድ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ፤ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ማዕከሉ ሆነ። እንዲህ ከሆነ የቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ከልጆቹ በኋላ የተወለደ አባት ነው ማለት ነው። የወሎው ነገር ከዚህ ተቃራኒ ነው። በከተማው አስቀድሞ መምህር የሚያሠለጥን ቤት፣ የእጅ ሥራ የሚያስተምር ቤት ነበረ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን እነዚህን ሳይሰበስብ በአዲስ መሬት ላይ በአዲስ ግንብ ተጀመረ። ነባሮቹም በአጠገቡ ጐረቤት ሆነው ቀሩ። የሚበጀው የትኛው ነበር? መሰብሰቡ ነባሮቹን ባሳደጋቸው ነበር የሚል ይኖራል፤ መለያየቱ መካከለኛውን ሙያ ከመዋጥ አድኖታል የሚልም ይኖራል። እኛ ወደ ሁለተኛው ሐሳብ እናዘነብላለን፤ ምክንያቱም በአገራችን አንድ ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ በተባለ ማግስት የመጀመሪያ ሥራውን ይንቃል። ይሁን እንጂ የታሪኩ ጸሐፊ ጥያቄውን እንኳ ሳያነሣው ማለፉ አይገባም።

ስለ ቀድሞው ዩኒቨርሲቲ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ለዚህ ዐይነቱ ጸሐፊ ጥሩ አስተማሪዎች ይሆናሉ። አንደኛው ዶክተር ተሾመ ዋጋው ስለ ከፍተኛ ትምህርት እድገትና ስለ ማኅበራዊ ለውጥ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው፤ ሁለተኛው የኖርዌይዋ ተወላጅ ራንዲ ባልስቪክ ስለ ዘመኑ ተማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። የመጀመሪያው ከአስተዳደሩ ወገን ቆሞ ያያል፤ ማን ወሰነ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ትምህርቱ ለአገሩ ተስማማ ወይስ አልተስማማም ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከተማሪው መኝታ ቤት ይጀምራል። አንዱ የሚተወውን ሌላው ያነሣዋል። የአገራችን የምረቃ መጽሔቶች ግን ከአስተዳደሩም ከተማሪውም ወገን ቆመው አያውቁም፤ የቆሙት ከሕንፃው ወገን ነው።

አሁን ወደ ተውነው ነገር እንመለስ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ፣ ከአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የተነሡ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ሥዕሉም በግቢው ውስጥ ታየ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም ከመታየቱ ወራት አስቀድሞ መሆኑ ነው። የጂኦግራፊው ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ከ1950 እስከ 1970 ዓ.ም. ስለ ነበረው የገጠሩ ሕዝብ ለረኀብ መጋለጥ በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ ወጣ፤ ወሎ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ታላቅ ስፍራ አለው። መጽሐፉ በታተመበት በ1984 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የቆረም ሥዕል ዓለምን ዳግመኛ አስለቀሰ። በዚህ ሁሉ ዘመን ወሎ የሚጠና እንጂ የሚያጠና አልነበረም። ተመራማሪው ከሌላ ስፍራ ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል፤ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ የተጻፈለት ገበሬ ልጅ እንኳ ሊያገኘው በማይችልበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

በእኛ አስተያየት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ዋና ጥያቄ ይህ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከተቋቋመ ወዲህ ወሎ ራሱን ማጥናት ጀምሯልን? የእርሻው ኮሌጅ ዝናም ሲዘገይ ገበሬው የሚዘራውን ነገር ከገበሬው ጋራ መክሯልን? የእንስሳት ሕክምናው ትምህርት ቤት በኮምቦልቻ ከሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ጋራ ተባብሮ የከብቱን በሽታ ለይቷልን? የደሴው ሆስፒታል የሕክምና ተማሪዎች የሚለማመዱበት ስለ ሆነ፣ ታካሚው ተማሪው ከመጣ በኋላ የተሻለ አገልግሎት አገኘ ወይስ ወረፋው ረዘመበት? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን በሚገባ የመለሰ ገጽ፣ የተመራቂውን ቍጥር በሰንጠረዥ ከደረደሩ አሥር ገጾች ይበልጥብናል።

ስለ ኮምቦልቻ ለብቻ ትንሽ እንበል፤ ሁልጊዜ በደሴ ጥላ ሥር ስለምትጻፍ ይገባታል። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ቢራው፣ ቆርቆሮውና ብረታ ብረቱ ከኢንስቲትዩቱ በፊት የነበሩ ናቸው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ኢንስቲትዩቱ የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና የሚያስተምር ስለ ሆነ፣ ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ በእግሩ ሊደርስባቸው በሚችልባቸው ስፍራዎች የሚማረው ነገር ሲሠራ ያያል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ያላቸው የአገራችን ኮሌጆች ብዙ አይደሉም። ነገር ግን የሸማኔው ልጅ፣ የመኪናውን ድምፅ ለምዶ በጆሮው ብቻ ጕድለቱን የሚያውቀው የፋብሪካው ነባር ሠራተኛ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ የት ይጠራል? መሐንዲሱ ከእርሱ ምን ተማረ? ይህን የሚጽፍ ሰው ቢገኝ የኮምቦልቻ ምዕራፍ ከደሴው ምዕራፍ የሚበልጥ ይመስለናል።

በመጨረሻ ማንም ሊያልፈው የማይችለው ዓመት 2014 ነው። በሰሜኑ ጦርነት የትግራይ ኀይሎች ከጥቅምት ወር ማብቂያ ጀምሮ ደሴንና ኮምቦልቻን ይዘው እስከ ኅዳር ወር ማለቂያ ድረስ ቈዩ። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው በሁለቱም ከተሞች ተዘረፈ፤ ኮምፒዩተሩ፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ፣ የሕክምናው መሣሪያ ተወሰደ፤ ያልተወሰደውም ተሰባበረ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ እንደገና ቀጥሏል።

ስለዚህ ጥፋት የሚጻፈው ነገር በአብዛኛው በብር የተተመነ ነው። ለገንዘብ ሚኒስቴር የሚቀርበው ማመልከቻ በብር መጻፍ አለበት፤ በዚህ አንከራከርም። ታሪክ ግን ሌላ ዐይነት ቈጠራ ይፈልጋል። አንድ ማይክሮስኮፕ ሲሰረቅ ዋጋው ይታወቃል፤ በእርሱ ሲመረመር የነበረው ናሙና፣ በናሙናው ላይ የሦስት ዓመት ድካሙን ያሳለፈው መምህር፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ብቻ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ ዋጋቸው በማንኛውም ቅጽ ላይ አይሞላም። የሐይቅ መነኮሳት የገዳማቸውን ጕዳይ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ስለ ጻፉት እነሆ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አልፎ እኛ እንጠቅሰዋለን። በ2014 ዓ.ም. የጠፋውን በስሙ የሚዘረዝር መዝገብ ከየትምህርት ክፍሉ ተሰብስቦ በአንድ ጥራዝ ቢታተም፣ ከማናቸውም የምረቃ መጽሔት በፊት ገዝተን የምናነበው እርሱን ነው።

ይህ ሥራ ደግሞ ብዙ ዘመን የሚጠብቅ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ግድም በመጀመሪያው ዙር የገቡት ተማሪዎች ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ይገኛሉ፤ ገሚሶቹ መምህራን፣ ገሚሶቹ በየመሥሪያ ቤታችን በአጠገባችን የተቀመጡ ሠራተኞች ናቸው። የመጀመሪያው ሌሊት በየትኛው ሕንፃ እንዳደሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ስንት መደርደሪያ እንደ ነበረው፣ ከደሴ ሕዝብ ማን በክፉ ቀን እንጀራ እንዳበላቸው ገና አልረሱትም። በወይዘሮ ስሂን የተማሩት ሽማግሌዎችም አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ፤ እነርሱ ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው። ታሪኩን እንዲጽፍ የሚሾመው ኮሚቴ ከሪባን ቈረጣው ፎቶግራፍ በፊት ወደ እነዚህ ሰዎች አንድ ደብተር ይዞ ይሂድ፤ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራርም የመጀመሪያውን ዓመት የተማሪዎች መዝገብ፣ ከዘረፋው ተርፎ ከሆነ፣ አንድ ቅጂ ከግቢው ውጭ በሌላ ስፍራ ያስቀምጥ።